የጦሩ ሆድ

«ምልክቱን የቀባው ጋኔን ነው? እኮ ንገሪኝ! የቆፋሪዎቹ አለቃ በገዛ እጁ የቀባውን ቀይ ቀለም አላምንም ካልሽ፣ ነገ ደግሞ ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ልትከራከሪኝ ነዋ!»

«ቀለሙን መች አላምንም አልኩ አባባ? ቀለሙ የሚናገረው ስለ ድንጋዩ ነው። እኔ የማወራው ስለ እንስሳው ነው።»

«ድንጋዩና እንስሳው አብረው አይደል እንዴ የተኙት?»

«አብረው ተኙ እንጂ አብረው አልኖሩም!»

መምህሩ ወለሉን በከዘራቸው መቱት። የመጋዝ ቤቱ ወለል ከዓመት ዓመት ደርቆ ስለማያውቅ ከዘራው ውሃ ረጨ፤ ውሃውም ሄዶ የመጋዙ አለቃ ሱሪ ላይ አረፈ። የመጋዙ አለቃ ሱሪውን አየ፤ ቀጥሎ ድንጋዩን አየ። አባትና ልጅ ሲጣሉ መሐል መግባት በሚሄድ መጋዝ ሥር እጅ እንደ መስደድ መሆኑን ሴት ልጆች አሳድጎ ተምሯል።

ሠራተኞቹ «ቀጥ አርጌ» ነበር የሚሉት። አዲስ ድንጋይ ጋሪው ላይ በተጫነ ቁጥር «ቀጥ አርጌ ነው የምከፍላት» ማለት ልማዱ ስለሆነ ስሙ እንደዚያ ሆኖ ቀረ። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ሰው ቢኖር ራሱ ቀጥ አርጌ ብቻ ነው፤ እሱም በዚያ ስም ሲጠሩት ቶሎ አይዞርም።

የጠቡ ምክንያት ከመጋዙ ሥር ጋሪው ላይ ተጋድሟል። እጆቹን ሽቅብ የዘረጋ ሰው ቁመት ያህላል። ስስ የድንጋይ ልብስ ለብሶ፣ በአንድ በኩል እንደ ሰው ጭን የወፈረ፣ ወደ ሌላው ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ አንዳች መጉበጥ የሌለበት ዛጎል ነው። ቆፋሪዎቹ ለአዲሱ የችሎት አዳራሽ ወለል የታዘዘውን የኖራ ድንጋይ ሲያወጡ አገኙትና «ጦሩ» አሉት። ከተማው ውስጥ ስለ ጦሩ አስተያየት ያልሰጠ ሰው አልነበረም። ገሚሱ የአውሬ ቀንድ ነው አለ። የሊቃውንቱ ማኅበር ደግሞ ዛጎልነቱን ተቀብሎ፣ እንስሳው ሹሉን ጭቃ ውስጥ ተክሎ እንደ ችካል ቆሞ የሚኖር ነበር ብሎ ወሰነ። መምህሩ ብቻ «አይደለም፤ ይዋኝ ነበር። ሆዱን ወደ ታች አድርጎ እንደ ታንኳ ተጋድሞ ይሄድ ነበር» አሉ። ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ውሃ ገብተው የማያውቁት ሰው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ «ዋናተኛው» ተባሉ።

ማስረጃው ያለው ከጦሩ ውስጥ ነው። ጦሩ ግን የቤተ መንግሥት ንብረት ነው። የግንብ ሥራው አዛዥ ብዙ ከተለመኑ በኋላ ቁርጡን ተናግረው ነበር፦ «አንድ ጊዜ ብቻ ቁረጡት። ፀሐይ ሳትጠልቅ መጥቼ አያለሁ። ውስጡ የሚታይ ነገር ካለው እንነጋገራለን። ከሌለው በማግስቱ እንደ ዳቦ በአግድሙ ተቆራርጦ ይነጠፋል።»

ቀኑ ዛሬ ነው። መጋዙ ደግሞ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ወደ ታች።

«እስቲ እኔም ይግባኝ» አለ ቀጥ አርጌ በመጨረሻ። «የምንፈልገው ነገር የቱ ጋ ነው ያለው? መስመር ስጡኝና ሥራዬን ልጀምር።»

መልስ የሰጠችው ልጅቱ ናት። የመምህሩ ሠዓሊ እሷ ነበረች፤ የአባቷ ዓይን በሞራ ከተሸፈነ ወዲህ የሚያዩትን ሁሉ የምታይላቸውም እሷ ነበረች። በጣቷ አየር ላይ አሳየችው። «ዛጎሉ ውስጡ ክፍል ክፍል ነው ጋሼ፤ ብዙ ግድግዳ አለው። ግድግዳዎቹን ሁሉ እየበሳ ከጫፍ እስከ ፊት የሚሄድ አንድ ቀጭን ቧንቧ አለ። ቧንቧው መሐል ላይ አይደለም፤ ወደ ሆዱ ተጠግቶ ነው የሚሄደው። መጋዙ በቧንቧው ላይ ካለፈ ሁሉም ነገር ይታያል። አጠገቡ ካለፈ ግን ቧንቧው አንዱ ግማሽ ውስጥ እንደተቀበረ ይቀራል፤ አዛዡ የሚያዩት ባዶ መሰላል ይሆናል።»

«ጫፉ ላይ አይታይም እንዴ ቧንቧው?»

«ቀጭኑ ጫፍ ቁፋሮው ላይ ደቅቋል። ወፍራሙ በኩል ደግሞ እንስሳው ራሱ የሚኖርበት የፊት ክፍል ነው፤ እዚያ ቧንቧ የለም። ጭቃ ብቻ።»

«ቧንቧው ታች ነው!» አሉ መምህሩ። «ቀዩ ምልክት ከላይ ነው፤ ስለዚህ ሆዱ ታች ነው። ቀጥ አርገህ ቁረጥ፣ አበቃ።»

ቀዩን ምልክት ቀጥ አርጌ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቆፋሪዎች ድንጋይ ከማንሳታቸው በፊት ወደ ሰማይ የዞረውን ፊት ቀይ ይቀቡታል፤ ግንበኛው ድንጋዩን እንደ ተፈጥሮ አተኛኘቱ እንዲያኖረው ነው። ተገልብጦ ከገባ ዝናብ ይሰነጥቀዋል። መምህሩም ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ድንጋይ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ቀዩ የት ነው?» ብለው ነበር።

«አባባ፣ እንስሳው ሲሞት ዛጎሉ ይንሳፈፋል፣ ይንከባለላል፣ በሆነለት ጎኑ ጭቃው ላይ ያርፋል። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ይኸኛው በጎኑ ነው ያረፈው። ሆዱ በቀኝ ነው።»

«በቀኝ መሆኑን ምን ነገረሽ?»

«የእድገት መስመሮቹ።»

መምህሩ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ለጠብ የሚሆን ሳቅ ነበር። «ገባኝ፣ ገባኝ። ትናንት ማታ መርከብ ላይ እሄዳለሁ አልሽኝ። የባሕር ዳርቻ ለሚለኩ ሰዎች ዓሣ ልትስዪላቸው! ዛሬ ደግሞ ሆዱ በቀኝ ነው አልሽኝ። ይህን ያህል ካወቅሽማ ከእኔ ጋር ምን ታደርጊያለሽ? መርከቡ የሚነሳው ማታ አይደል? ሂጂያ!»

«እሄዳለሁ። ይህ ድንጋይ በትክክል ሳይቆረጥ ግን ከዚህ አልነቃነቅም!»

በሩ አጠገብ፣ ከአሸዋው ክምር ወዲህ፣ በጠፍር የታሰረ የእንጨት ሣጥን ተቀምጧል። ቀጥ አርጌ ማለዳ ሲገባ የመምህሩ መሣሪያ መስሎት ነበር።

ከጋሪው ማዶ ገመድ ጎታቹ ተቀምጦ ያዳምጣል። ግዙፍ ሰው ነው፤ በየአጋጣሚው ስለሚቀመጥ «አይደክሜ» ይሉታል። «እኔ የምለው» አለ፣ «ሁለት ጊዜ ብንቆርጠውስ?»

«አንድ ጊዜ ነው የተባለው» አለ ቀጥ አርጌ።

«ማን ቆጥሮ?»

«አንተ ዝም በል!» አሉት አባትም ልጅም ባንድ ቃል። ከንጋት ጀምሮ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

ልጅቱ የአባቷን እጅ ያዘች። መምህሩ መጀመሪያ አልሰጥም አሉ፤ ኋላ ሰጡ። በድንጋዩ ቀኝ ጎን፣ የመዳፍ ስፋት ያህል የድንጋይ ልብሱ ተገፍፎ የዛጎሉ እውነተኛ ቆዳ ወጥቷል። የአባቷን ጠቋሚ ጣት እዚያ አኖረችው።

«ዛጎሉ ባደገ ቁጥር አፉ ላይ አዲስ ጠርዝ ይጨምራል» አለች ለቀጥ አርጌ፣ የአባቷን ጣት ቀስ እያደረገች እየመራች። «ጠርዞቹ ዙሪያውን እኩል ናቸው። ሆዱ ላይ ሲደርሱ ግን ወደ ኋላ ስርጉድ ይላሉ፤ እንስሳው ውሃ የሚተፋበት አፈሙዝ በዚያ በኩል ስለሚወጣ ቦታ ይለቁለታል። ውሃውን ወደ ፊት እየተፋ ወደ ኋላው ነበር የሚወነጨፈው። ይኸው አባባ። ስርጉድ ሲል አይሰማዎትም?»

የመምህሩ ጣት ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ።

«ይሰማኛል» አሉ። «ቁስል ነው።»

«ቁስል?»

«አንድ ነገር ነክሶት ነበር። ጠርዙ ሲሰበር ቀጥሎ የሚመጣው መስመር ቁስሉን ተከትሎ ስርጉድ ይላል። በደርዘን የሚቆጠር እንዲህ ያለ አይቻለሁ፤ አንቺም ሥለሻቸዋል። አይደለም በይኛ!»

እውነት ነበር፤ ልጅቱ ሥላቸዋለች። ቀጥ አርጌ ፊቷን ሲያይ አባቷ ያነሱት ነገር ከባድ እንደሆነ ገባው። አሁን የተጋጩት ሁለት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ መሐላቸው ያለው ደግሞ የመዳፍ ስፋት ብቻ ነው።

«ቁስል ይድናል» አለች። ድምፅዋ አሁን የጠብ አልነበረም። «ቁስል ከሆነ ወደ ፊት በሄድን ቁጥር መስመሩ እየተቃና ይሄዳል። ሆድ ከሆነ ግን እስከ አፉ ድረስ ስርጉዱ አይጠፋም። ጋሼ፣ እዚህ ጋ፣ ወደ ወፍራሙ በኩል፣ ሌላ መስኮት ይከፍቱልኛል?»

ቀጥ አርጌ መምህሩን አየ። መምህሩ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ከትተው ሁለት እጃቸውን አፋተጉ። «ክፈት» አሉ። «እኔም እፈልጋለሁ።»

ቀጥ አርጌ ትንሿን መሮ አወጣ። ድንጋይ የሚከፍል ሰው ሁሉ ድንጋይ መላጥ አይችልም፤ እሱ ግን ይችላል፤ መቻሉንም ያውቀዋል። መሮውን አጋድሞ በመዶሻው ጫፍ ነካ ነካ ሲያደርገው የድንጋይ ልብሱ እንደ ደረቀ ቀለም እየተነሳ ወደቀ። የዛጎሉን ቆዳ አንድ ቦታ እንኳ አልጫረውም። ጨርሶ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገውና ገለል አለ።

መምህሩ ማንም ሳይመራቸው ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ፈለጉት። ጣታቸው መስመሮቹን እያቋረጠ ሄደ። አንዱን ተከተለ፤ ቀጥ ብሎ መጣ፣ መጣ፣ ወደ ኋላ ስርጉድ አለ፣ ወጣ፣ ደግሞ ቀጥ አለ። ሌላውን ተከተለ። ሌላውንም። ከዚያ ወደ መጀመሪያው መስኮት ተመልሰው ስርጉዱን ባንድ እጅ፣ የአዲሱን መስኮት ስርጉድ በሌላው እጅ ያዙ። ሁለቱ እጆቻቸው በአንድ መስመር ላይ ነበሩ።

መጋዙን የሚነዳው የመንኮራኩር ውሃ ከውጭ ይንፏፏል። አይደክሜ እንኳ ተነስቶ ቆሟል።

«አዙረው» አሉ መምህሩ።

«ምን አሉ?»

«ድንጋዩን አዙረው እንጂ! ቀኙ ወደ ላይ ይምጣ። ልጄ ትክክል ናት፤ ቁስል እስከዚህ አይዘልቅም።» ቀና ብለው ወገባቸውን ያዙ። «ቀዩ ምልክት ስንት ዓመት ሳይዋሸኝ ኖሮ... ለነገሩ ዛሬም አልዋሸኝም። እኔ ነኝ ያልተናገረውን ያናገርኩት።»

አሁን ተራው የቀጥ አርጌ ነበር። በድንጋዩ ግራ ጎን እንደ ጅማት የሚሄድ የሸክላ ሥር አለ፤ ለስላሳና ተንኮለኛ። ድንጋዩ ሲዞር ክብደቱ ሁሉ በዚያ ሥር ላይ ያርፋል። በመዶሻው እጀታ ከዳር እስከ ዳር እያንኳኳ አዳመጠው።

«ቢሰበርስ?» አሉ መምህሩ።

«አይሰበርም።»

«በምን አወቅህ?»

«እኔ ነኛ የማዞረው።»

ጋሪው ላይ እርጥብ አሸዋ አስደለደለ፤ አሸዋው ላይ ጀሶ አፈሰሰ፤ ጀሶው እንደ ሊጥ ሆኖ ሳይደርቅ ገመዱን በመዘውሩ አስወጠረ። አይደክሜ ለስሙ የሚገባ ሥራ የሠራበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው፤ አንገቱ ላይ የደም ሥሩ እስኪገተር ድረስ ይዞ ቆመ፤ ቀጥ አርጌ በትከሻው እየገፋ «ቀስ፣ ቀስ፣ አንተ ጎልያድ፣ ቀስ በል» ይለዋል። ጦሩ እንደ ተኛ ሰው ከአንዱ ጎኑ ወደ ሌላው ተገላበጠና ጀሶው ላይ ተቀመጠ። የሸክላው ሥር ትንፍሽ አላለም።

«ሆዱን ወደ ላይ አድርገን ነው እንግዲህ የምንቆርጠው» አለ አይደክሜ እያለከለከ። «እንደ ሞተ ዓሣ።»

«ሞቷል እኮ» አለችው ልጅቱ። ከንጋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ቀጥ አርጌ ሲባጎውን ከሰል ውስጥ ነክሮ ለመምህሩ ሊሰጣቸው ሲል፣ መምህሩ በእጃቸው ወደ ልጃቸው መለሱት። «መስመሩን እሷ ትምታው።» ልጅቱ ሲባጎውን ከአንዱ ስርጉድ ወደ ሌላው ወጠረች፤ እስከ ጫፉ ዘረጋችው፤ በሁለት ጣቷ ሳብ አድርጋ ለቀቀችው። ጥቁር መስመር ድንጋዩ ላይ ጠብ አለ። ቀጥ አርጌ ቱንቢውን ጥሎ አየ፣ ውሃ ልኩን አስቀምጦ አየ፣ ከዚያም የውሃውን መዝጊያ አነሳ።

ጥርስ የሌለው የብረት ምላጭ ወዲያና ወዲህ መሄድ ጀመረ። የሚቆርጠው ብረቱ ሳይሆን ከሥሩ የሚገባው አሸዋና ውሃ ነው፤ ስለዚህ መጋዘኛ ቀኑን ሙሉ ሥራው አሸዋ መመገብ፣ ውሃ ማንጠባጠብና ጆሮውን ማቅናት ነው። ድምፁ ሲለወጥ ድንጋዩ ተለወጠ ማለት ነው።

መምህሩ የአሸዋ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ከኪሳቸው ለሁለት የተከፈለ የተጠቀለለ ዛጎል አወጡ። ከሩቅ ባሕር የመጣ፣ ዛሬም በሕይወት ያለ እንስሳ ዛጎል ነው። አይደክሜ ወስዶ አገላበጠው።

«ይህ የጦሩ ዘመድ ነው?»

«የሩቅ ዘመድ። መጀመሪያ ሁሉም ትንንሽ ነበሩ፤ ከጥፍርህ የማይበልጡ፣ ጎበጥ ያሉ፣ የባሕር ወለል ላይ የሚድሁ። ዛጎላቸው ሲጠባቸው ወደ ፊት እየተጠጉ ኋላቸውን በግድግዳ መዝጋት ጀመሩ። ከዚያ በዚያች ቧንቧ ከተዘጋው ክፍል ውሃውን መጠጡት፤ አየር ገባበት። ባዶ ክፍል ይዞ ወለል ላይ መቅረት የለም! ተነሱ። ሌላው ሁሉ ሲድህ እነሱ ዋኙ። ከዚያ ረዘሙ፣ ቀጥ አሉ፣ ወፈሩ፤ ባሕሩን ገዙት።»

«የፊት ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰውዬስ ምን ይመስል ነበር?»

«ዓሣ አጥማጆች የሚረግሙትን ኦክቶፐስ አይተሃል? ዓይኑም፣ ክንዶቹም፣ እንደ በቀቀን መንቁር ያለው አፉም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። ቤቱን ተሸክሞ የሚሄድ ኦክቶፐስ በለው።»

«ታዲያ እነ ጦሩ የት ሄዱ?»

«አለቁ። ከዘመዶቻቸው አንዳንዶቹ ዛጎላቸውን እንደ ገመድ ጠቀለሉት፤ ይኸው በእጅህ ያለው። አንዳንዶቹ ወደ ውስጣቸው አስገቡት። ኦክቶፐስ ጭራሽ ጣለው። ጦሩ ግን ቀጥ እንዳለ ቀረ።» መምህሩ ጥቂት አሰቡ። «ለምን እንደጠፉ በእርግጥ የሚያውቅ የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ይህን ያህል ቀጥ ያለ ነገር መዞር ያቅተዋል።»

«ሰሙ ጋሼ ቀጥ አርጌ?» አለ አይደክሜ።

«እኔ ምን አገባኝ፣ እኔ ዛሬ አዙሬአለሁ» አለ ቀጥ አርጌ ከመጋዙ ዓይኑን ሳያነሳ። ከጆንያው ላይ መምህሩ ብቻቸውን ረጅም ሳቅ ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቱ አሸዋ ልታቀብል ወደ መጋዙ መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ አባባ ከመሸ በኋላ ደጅ ያለውን የቦዩን ሳንቃ ብቻቸውን መሻገር አይችሉም። በግራ በኩል እጅ ይፈልጋሉ። አይጠይቁም፤ ግን ይፈልጋሉ።»

«በግራ በኩል» አለ ቀጥ አርጌ።

«አዎ።»

አሸዋውን ከእጇ ተቀብሎ ከምላጩ ሥር አፈሰሰው።

ፀሐይ በመስኮቱ አግድም ስትገባ የመጋዙ ድምፅ ረገበ። ቀጥ አርጌ ውሃውን ዘጋ። የግንብ አዛዡ በዚያው ቅጽበት ገቡ፤ የተወለወለ ቦት ጫማቸውን እርጥቡ ላይ ሲያሳርፉ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«እህስ መምህር፣ ቀንድ ነው ወይስ ችካል?»

«አሁን እናያለን ክቡር አዛዥ።»

ቀጥ አርጌ በስንጥቁ ሽብልቅ አስገባ፤ አንዴ መታ፤ አንዴ ደገመ። ጦሩ ለሁለት ተከፈለ። አይደክሜ የወዲያውን ግማሽ ደግፎ ቀስ ብሎ አጋደመው፤ ልጅቱ አንድ ባልዲ ውሃ ቸለሰችበት።

ሁሉም ጎንበስ አሉ። ግድግዳዎቹ እንደ ተደረደሩ ሳህኖች ጎድጎድ ጎድጎድ እያሉ ከጫፍ እስከ ፊት ይሄዳሉ። በሆዱ ጠርዝ፣ ልክ ከሰሉ ያረፈበት ላይ፣ ቧንቧው ግድግዳ ከግድግዳ እየበሳ እንደ ተወጠረ ገመድ ተዘርግቷል። በቀጭኑ ጫፍ በኩል ያሉት ክፍሎች ባዶ አልነበሩም፤ በሆዳቸው በኩል ነጭ ድንጋይ ተጋግሮባቸዋል። ወደ ፊት ሲመጣ ነጩ እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ የፊተኞቹ ክፍሎች ላይ ሲደርስ ጠፋ።

መምህሩ ተንበረከኩ። ጣታቸው በቧንቧው ላይ ሄደ፤ በነጩ ላይ ቆመ።

«ይኸው ሚዛኑ» አሉ። ድምፃቸው የተማሪ ድምፅ ነበር። «ክቡር አዛዥ፣ እጅዎን ይስጡኝ። ይህን እንስሳው በሕይወት እያለ ነው የሠራው። ክፍሎቹ ባዶ ቢሆኑ ኋላው ሽቅብ ተነስቶ እሱ በአፍጢሙ ይተከል ነበር። ስለዚህ ጫፉን አከበደው። በጀርባው ሳይሆን በሆዱ በኩል ብቻ አከበደው፤ ጀልባ ሆዷ ውስጥ ድንጋይ እንደምትጭነው። ቆሞ የሚኖር ፍጡር ይህ ምን ያደርግለታል? ተጋድሞ የሚዋኝ ነው እንጂ!»

አዛዡ ጓንታቸውን አውልቀው ነኩት። ብዙ ግንብ ያሠሩ ሰው ናቸው፤ ክብደት የት መቀመጥ እንዳለበት የሚያስረዳቸው አያስፈልጋቸውም። ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህንን የሰው እግር አይረግጠውም» አሉ። «ሁለቱም ግማሽ የአዳራሹ ግድግዳ ላይ ይግባ። ለወለሉ ሌላ ድንጋይ ይፈለግ።» ከዚያ የከሰሉን ርዝራዥ በጥፍራቸው ተከተሉ። «ደግሞስ አቆራረጡ! አንድ ጣት ቢያልፍ ቧንቧው ይቀር ነበር። እርስዎ መምህር፣ በዚያ ዓይንዎ እንዴት አገኙት?»

«እኔ አይደለሁም። እኔ ጠዋት በዚያ በኩል ልቆርጠው ነበር። ሆዱን ያገኘችው ልጄ ናት፤ መስመሩን የመታችውም እሷ።» ይህን ያሉት ዛሬ ነፋስ አለ እንደሚል ሰው ነው፤ ወዲያውም ጣታቸው ወደ ሥራው ተመለሰ። «አሁን ደግሞ እዚህ ይምጡ፤ ይህ ግድግዳ ከቧንቧው ጋር የሚገናኝበት...»

አይደክሜ መብራት አምጥቶ ከፍ አድርጎ ያዘ። አዛዡ እርጥቡን ረስተው ተንበርክከዋል። ቀጥ አርጌ ሽብልቁን ሰብስቦ፣ መሮውን ጠርጎ፣ ዞር ሲል በሩ ገርበብ ብሎ አየው። ከአሸዋው ክምር ወዲህ፣ እርጥቡ ወለል መሐል፣ የልጅቱ ሣጥን ልክ የሆነ፣ ውሃ ያልተኛበት ቦታ ነበር። ከመጋዙ ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ በአንዱ ጥግ ገብቶ ሲሸፍነው ትንሽ ቆሞ አየ።

መምህሩ ሲደክማቸው ተነሱ። እየተናገሩ ነበር፤ ስለ ግድግዳዎቹ መቀራረብ። እንደ ልማዳቸው ግራ እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። እጁ አየር ላይ ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ የቀጥ አርጌን እርጥብ እጅጌ አገኘ። ጣቶቻቸው ሻካራውን ጨርቅ ዳበሱት፤ እንደ ዛጎሉ መስመር ወዲያና ወዲህ ሄዱበት። ከዚያ አጥብቀው ያዙት።

«...እና የፊት ክፍሉ» አሉ፣ ወደ ሳንቃው እየተራመዱ፣ «የፊት ክፍሉ ሁልጊዜ ክፍት ነው።»